ርክክቡ ካለፈ በኋላ፦ የማኅበራዊ ኃላፊነት ባለሙያ ምን ማወቅ አለበት?

በአገራችን የብዙ ድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት ወቅት አለው። መስከረም ላይ ደብተርና ቦርሳ ይታደላል፤ ለገናና ለፋሲካ ማዕድ ይጋራል፤ ሐምሌ ላይ ችግኝ ይተከላል። በመሃል ደግሞ ማኅተም ያረፈበት የድጋፍ ጥያቄ ደብዳቤ ከወረዳው ይመጣል። ይህን ሁሉ የሚያስተባብረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነው። «ይህንንም ደርበህ ያዝ» ይባላል፤ ሥልጠና አያገኝም፤ በጀቱን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ የሚመዘነውም በወጣው ዜናና በተነሣው ፎቶ ብዛት ነው።

ሥራው ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በእኔ እምነት ሙያው ሁሉ የሚሰበሰበው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው፦ የተሠራው ነገር በሦስተኛው ዓመት በማን ወጪ፣ በማን እጅ ይኖራል? ይህን ጥያቄ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት በወረቀት መመለስ የቻለ ሰው ሥራውን ያውቀዋል። ያልቻለው ደግሞ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን በየዓመቱ የመሠረት ድንጋይ ከማስቀመጥ አያልፍም።

መጀመሪያ መማር ያለበት ሒሳብ ነው፤ ብዙዎች የሚሸሹትም እሱን ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ልገሳ በወጪነት የሚያዘው ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ ብቻ እንደሆነ ደንግጓል። ያውም ልገሳው ለኢትዮጵያ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት የተሰጠ ወይም መንግሥት ለአደጋ ጊዜ ላቀረበው ጥሪ የተደረገ ከሆነ ነው። ግብር የሚከፈልበት ገቢው 40 ሚሊዮን ብር የሆነ ድርጅት 5 ሚሊዮን ቢለግስ 4 ሚሊዮኑ በወጪነት ይያዝለታል፤ ቀሪው 1 ሚሊዮን አይያዝለትም። ግብሩ 30 በመቶ ስለሆነ ከግብር የሚቀርለት 1.2 ሚሊዮን ብር ነው፤ የልገሳው እውነተኛ ወጪ እንግዲህ 3.8 ሚሊዮን ይሆናል። ይህን ስሌት በአንድ ገጽ አዘጋጅቶ ለሥራ አስኪያጁ የሚያቀርብ ባለሙያ በሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲጠይቅ ይደመጣል። ሕጉ ስለሚሻሻል ስሌቱን በየዓመቱ ከግብር ባለሙያ ጋር ማየት ግድ ነው። ያለ ደረሰኝ በእጅ የተሰጠ ብር፣ ያልተመዘገበ ኮሚቴ ጭኖ የሄደው ሲሚንቶ ለኦዲተር የሚቀርብ ወረቀት የለውም።

በሌላ ድርጅት በኩል የሚሠራ ከሆነም የአጋሩን ወረቀት ማንበብ መልመድ ያስፈልጋል። የምዝገባ የምስክር ወረቀት፣ የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት፣ የባንክ ሒሳብ ፈራሚዎች ስም ዝርዝር በቂ መነሻ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪን በ20 በመቶ ይገድባል። ኦዲቱ ውስጥ ይህ መጠን ከዓመት ዓመት ገደቡን እየተጠጋ ከሄደ ምክንያቱን መጠየቅ ነው። አጋሩን በጥርጣሬ ማየት ማለት አይደለም፤ ከአቅሙ በላይ ሥራ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የገንዘብ ችግር ሰኔ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 የሚዘጋ ድርጅት ውስጥ ግንቦት ላይ ያልተነካ በጀት ይገኝና «እንዳይመለስ» ተብሎ በጥድፊያ ይመደባል። ግንባታ ከሆነ ደግሞ ከክረምቱ ጋር ይጋጠማል፤ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፣ መሠረቱ ውኃ ይይዛል፣ ኮንትራክተሩ ለባከነው ጊዜ ማካካሻ ይጠይቃል። መድኃኒቱ የበጀት ዕቅዱን ወደ ኋላ ቆጥሮ መሥራት ነው። ግንባታ ጥቅምት ላይ እንዲጀመር ጥናቱ እስከ ሰኔ መጠናቀቅ፣ ጨረታው በነሐሴ መውጣት፣ ውሉ በመስከረም መፈረም አለበት። ጥናት ገንዘብ ስለሚፈልግ በጀቱ ሁለት ዓመት ሊሻገር ይገባል፤ ይህን ለፋይናንስ ክፍሉ ማስረዳት የባለሙያው ሥራ ነው።

ከወጪው ውስጥ የሚዘነጋም አለ። ጥሬ ገንዘብ፣ በዓይነት የተሰጠ ዕቃ፣ የሠራተኛ ጊዜና የማስተባበሪያ ወጪ ለየብቻ መመዝገብ አለባቸው። 40 ሠራተኞች ለ8 ሰዓት ችግኝ ሲተክሉ ቢውሉ 320 የሥራ ሰዓት ነው። የሰዓት አማካይ ደመወዛቸው 120 ብር ቢሆን ጊዜው ብቻ 38,400 ብር ያወጣል፤ አውቶቡሱ፣ ምሳው፣ ኮፍያውና ቲሸርቱ ሳይቆጠር። በዚያ ገንዘብ አጥር ታጥሮ ለአንድ በጋ ውኃ የሚያጠጣ ሰው ሊቀጠር ይችል እንደነበር የሚታየው እንዲህ ሲመዘገብ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ቀድሞ ሊሰማው የማይፈልገውን ልናገር። ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚጀምረው ከአጥሩ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይ ኤስ ኦ) 26000 መመሪያ ሰባት ጉዳዮችን ይዘረዝራል፦ የድርጅት አስተዳደር፣ ሰብአዊ መብት፣ የሥራ ሁኔታ፣ አካባቢ፣ ፍትሐዊ አሠራር፣ የሸማቾች ጉዳይና የማኅበረሰብ ተሳትፎ። እኛ በተለምዶ ማኅበራዊ ኃላፊነት የምንለው ከሰባቱ አንዱን፣ የመጨረሻውን ነው። ፍሳሹን ሳያጣራ ወደ ወንዝ የሚለቅ ፋብሪካ ከወንዙ በታች ላለው ትምህርት ቤት ዴስክ ቢሰጥ፣ ነዋሪው ዴስኩን ተቀብሎ ስለ ወንዙ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ባለሙያው ከማምረቻ ክፍሉ የፍሳሽ ምርመራ ውጤት፣ ከሰው ኃይል ክፍሉ ከአካባቢው የተቀጠሩ ሰዎች ቁጥር፣ ከግዥ ክፍሉ ከአካባቢው የተገዛው ዕቃ ዋጋ በየሩብ ዓመቱ ማግኘት አለበት። አንድ ድርጅት ለካፍቴሪያው እንቁላልና አትክልት ከአካባቢው ማኅበራት በቋሚነት ቢገዛ፣ ክፍያውንም በ15 ቀን ውስጥ ቢፈጽም፣ ከብዙ ልገሳ በላይ የሚዘልቅ ጥቅም ያመጣል። የክፍያው ፍጥነት ወሳኝ ነው። ትንሽ ማኅበር 90 ቀን መጠበቅ አይችልም፤ ይከስራል፤ ከዚያ «የአካባቢው አቅራቢ አቅም የለውም» ተብሎ ይጻፋል።

ግዴታው በሕግ የተጻፈባቸው ዘርፎችም አሉ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ ለአካባቢው ሕዝብ ልማት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። ፌርትሬድ በተባለው የፍትሐዊ ንግድ ማረጋገጫ ሥርዓት ውስጥ ያሉ የአበባ እርሻዎች ደግሞ ከሽያጩ ዋጋ ላይ 10 በመቶ ተጨማሪ ክፍያ ያገኛሉ፤ የአጠቃቀሙን ውሳኔ የሚሰጡት በኮሚቴያቸው አማካይነት ሠራተኞቹ ናቸው። ይህ የኋለኛው አሠራር በሌሎች ዘርፎችም ቢጠና እወዳለሁ፤ የገንዘቡ ተጠቃሚ ሲወስን ክርክሩም ክትትሉም የራሱ ይሆናል።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ። ከወረዳ፣ ከቀበሌ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከእድር፣ ከስፖርት ክለብ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ መመለስ የሚችል ድርጅት የለም። የተጻፈ መመዘኛ ከሌለ ደግሞ የሚያሸንፈው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የገባ ሰው ነው። በሁለት ገጽ የተጻፈ መመሪያ ይበቃል፦ ድርጅቱ የሚሠራባቸው ሁለት ወይም ሦስት ዘርፎች፣ የሚሠራበት ክልል፣ የማይደግፈው ነገር፣ ከስንት ብር በላይ የሚሆነውን ኮሚቴው እንደሚወስን፣ መልስ በስንት ቀን እንደሚሰጥ። 15 የሥራ ቀን ተገቢ ነው። የእምቢታው ደብዳቤም ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፤ በአክብሮት የተጻፈና ምክንያቱን የሚገልጽ ይሁን። በእኛ ባህል ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ስለሚከብድ «እናያለን» እየተባለ ስድስት ወር ይቆያል፤ ጠያቂውን የሚያስቀይመው እምቢታው ሳይሆን ይህ ማጓተት ነው። ክፍያ ለግለሰብ አይፈጸም፤ ለተቋሙ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ለስብሰባ የሚመጣ የመንግሥት ሠራተኛ የውሎ አበል መጠንም አስቀድሞ በመመሪያ ካልተወሰነ በየስብሰባው ድርድር ይሆናል።

ሙያው በተግባር ምን እንደሚመስል ለማሳየት አንድ ፕሮጀክት በቅርበት እንይ፤ የውኃ ጉድጓድ። ድርጅቱ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከዝዋይ ሐይቅ ብዙም በማይርቅ ቦታ ያለ ነው እንበል። ነዋሪው ውኃ ይፈልጋል፤ ወረዳውም ደብዳቤ ጽፏል፤ ኮንትራክተርም ተገኝቷል። ቀላል ይመስላል።

የመጀመሪያው አደጋ ፍሎራይድ ነው። በስምጥ ሸለቆው የእሳተ ገሞራ አለት ምክንያት የብዙ ጉድጓዶች ውኃ ከፍተኛ ፍሎራይድ ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ጥርሳቸው ገና እየተሠራ ያሉ ልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ መጠኑ በጣም ከፍ ብሎ ለዓመታት ሲጠጣም አጥንት ይጎዳል። ውኃው ጥርት ያለ፣ ሽታም ጣዕምም የሌለው ስለሆነ በዓይን አይታወቅም። ጠልቆ መቆፈርም ሁልጊዜ አያድንም፤ ጥልቀት ያለው ሙቅ ውኃ የባሰ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ውሉ ላይ «ጉድጓድ መቆፈር» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ከቁፋሮ በፊት በአካባቢው ያሉ ጉድጓዶች ናሙና ይመርመር፤ ከቁፋሮ በኋላ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ ጨዋማነትና የባክቴሪያ ብክለት በቤተ ሙከራ ይለካ፤ የኮንትራክተሩ የመጨረሻ ክፍያ ከምርመራው ውጤት በፊት አይለቀቅ። የፍሎራይዱ መጠን ከጣሪያው ካለፈ ምን እንደሚደረግም በውሉ ይታወቅ፦ ጉድጓዱ ይዘጋል? ለልብስና ለከብት ብቻ ይውላል? የማጣሪያ በጀት አለ?

ማጣሪያ አለ። በአሉሚኒየም ሰልፌትና በኖራ የሚሠራው የሕንድ ዘዴ አለ፤ በአጥንት ከሰል የሚሠራም አለ። የመጀመሪያው በየቀኑ በትክክል የሚመዝንና የሚቀላቅል ሰው ይፈልጋል። ሁለተኛው ከሰሉ ፍሎራይድ ጠጥቶ ሲሞላ መታደስ ወይም መለወጥ አለበት፤ ያ ካልተደረገ ማጣሪያው በቦታው ቆሞ ምንም አያጣራም፤ ሰው ግን የተጣራ እየመሰለው ይጠጣል። ከዚህም ሌላ አጥንቱ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ፣ እንዴት እንደታረደ ሰዎች መጠየቃቸው አይቀርም። ጥያቄው የሃይማኖት ነውና በክብር መመለስ ያለበት ማጣሪያው ከመተከሉ በፊት ነው።

ቀጥሎ መጠኑ። ለገጠር የሚታሰበውን በሰው በቀን 25 ሊትር ብንይዝ 1,500 ነዋሪ በቀን 37,500 ሊትር ይፈልጋል። ፓምፑ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ ጉድጓዱ በሰከንድ 1.3 ሊትር ያህል መስጠት አለበት። ይህ የሚረጋገጠው በፓምፕ ሙከራ ነው፤ 24 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሳይቋረጥ እየተሳበ የውኃው ደረጃ ምን ያህል እንደሚወርድ ይለካል። በሁለት ሰዓት ሙከራ የተረከቡት ጉድጓድ የካቲትና መጋቢት ላይ ሊደርቅ ይችላል። በእጅ ፓምፕ ከሆነ ደግሞ አፍሪዴቭ የተባለው የተለመደ የእጅ ፓምፕ አንዱ የሚታሰበው ለ300 ሰው ያህል፣ ጥልቀቱም እስከ 45 ሜትር ድረስ ነው። 1,500 ሰው አንድ ፓምፕ ላይ ሲሰለፍ ፓምፑ ዕድሜውን ያህል አይቆይም። በየጊዜው የሚለወጠው ትንሿ የጎማ ቀለበት ነች፤ ቀለበቷ የምትሸጥበት ሱቅ በአቅራቢያ ከሌለ ሙሉው ፓምፕ ቆሞ ይቀራል።

ከዚያ ታሪፍ ነው። ብዙ ድርጅቶች ውኃው በነጻ ይሁን ይላሉ፤ ልባቸው መልካም ነው፤ ግን የመብራት ሒሳብ ነጻ አይደለም። ለስሌት ያህል የጥበቃው፣ የኦፕሬተሩ፣ የመብራቱ፣ የጥገናውና ለፓምፕ መተኪያ የሚቀመጠው ተደምሮ በዓመት 540,000 ብር ይሁን። በቀን 37,500 ሊትር ማለት 1,875 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው፤ በዓመት 684,375። ከዚህ 80 በመቶው ቢሸጥ 547,500 ጀሪካን ይሆናል፤ ስለዚህ በጀሪካን 1 ብር ወጪውን ለጥቂት ይሸፍናል። ነዋሪው 1 ብር መክፈል ይችላል ወይ፣ የማይችሉት አረጋውያንና አቅመ ደካሞች እነማን ናቸው፣ ለእነሱ ማን ይሸፍናል የሚለው ከቁፋሮው በፊት ይጠየቅ። በሒሳብ ካልወጣ አነስ ያለ ሥርዓት መሥራት ይሻላል።

የመረከቢያ ሰነዱ በሚፈረምበት ቀን ዋሽኮው፣ ማለትም የውኃ ተጠቃሚዎቹ ኮሚቴ፣ ተመርጦ፣ ሠልጥኖ፣ የባንክ ሒሳብ ከፍቶ መጠበቅ አለበት። ፈራሚዎቹ ሦስት ቢሆኑና ቢያንስ አንዷ ሴት ብትሆን ጥሩ ነው፤ ውኃ ሲጠፋ ርቃ የምትሄደው እሷ ስለሆነች ሒሳቡን አትረሳውም። የድርጅቱ ድጋፍም በአንድ ጊዜ አይቋረጥ። በመጀመሪያው ዓመት ጥገናውን ሙሉ፣ በሁለተኛው ግማሹን፣ በሦስተኛው ከተወሰነ ብር በላይ የሆነውን ከባድ ብልሽት ብቻ የሚሸፍንበት የመግባቢያ ሰነድ ከወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ጋር ይፈረም። ለዚህ የሚሆነው ገንዘብ ከግንባታው በጀት ጋር አብሮ ይጽደቅ እንጂ «በኋላ እንጠይቃለን» አይባል። ስለ ክሊኒክም፣ ስለ መማሪያ ክፍልም ያው ነው። ክሊኒክ ያለ ነርስ ደመወዝ፣ ቤተ መጻሕፍት ያለ ጠባቂ ሕንጻ ብቻ ነው። ከጤና ወይም ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሰው ኃይል እንደሚመደብ በደብዳቤ ሳይረጋገጥ መሠረት አይቆፈር።

ነዋሪን ማዳመጥ ሁሉም የሚለው፣ ጥቂቶች የሚሠሩበት ነገር ነው። በቀበሌ አዳራሽ የተጠራ ስብሰባ ላይ የሚናገሩት የታወቁት ናቸው። ቀኑ ራሱ ይመርጣል፦ የገበያ ቀን ከሆነ ሴቶቹ የሉም፤ ዓርብ ቀትር ላይ ከሆነ ሙስሊሙ የለም። ገበሬው ማረሻ የማይነካበት የበዓል ቀን ከቅዳሴ በኋላ ለብዙ የደጋ አካባቢ ይመቻል። ሴቶችን፣ ወጣቶችን፣ ቦታ የተወሰደባቸውን ለየብቻ ማነጋገር ያስፈልጋል፤ በራሳቸው ቋንቋም መሆን አለበት፤ አስተርጓሚው የቀበሌው ሊቀመንበር ከሆነ መልሱም የእሱ ነው። «ምን ትፈልጋላችሁ?» የሚለው ጥያቄ ዝርዝር ያመጣል፤ ተስፋም ይሰጣል። «ባለፈው ክረምት ልጅ ሲታመም ምን አደረጋችሁ? ስንት አወጣችሁ? ከማን ተበደራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ግን ኑሮውን ያሳያል።

ቅሬታ መቀበያው ከዚህ አይነጠልም። በሁለት ወይም በሦስት መንገድ መምጣት አለበት፦ ስልክ፣ ሳጥን፣ በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን የሚገኝ ሰው። እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶት በመዝገብ ይጻፍ፤ መድረሱ በ7 ቀን፣ መልሱ በ30 ቀን ይነገር። ባዶ መዝገብ ሰላም መኖሩን አያሳይም፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰው መዝገቡ መኖሩን አያውቅም ወይም ቢናገር እንዳይባረር ይፈራል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቃቸው የቢዝነስና የሰብአዊ መብት መርሆዎች ቁጥር 31 ላይ ለእንዲህ ያለ አሠራር መመዘኛ ተቀምጧል፤ አጭር ስለሆነ ቢነበብ ጥሩ ነው።

ስለ ልኬት ብዙ አልልም፤ አንድ ነገር ብቻ። መነሻው ካልተለካ መድረሻው አይታወቅም። ችግኝ ከሆነ የተተከለው ቁጥር ሪፖርት አይደለም፤ ጥቅምት ላይ ስንቱ ቆመ፣ ከበጋው በኋላ ግንቦት ላይ ስንቱ አለ የሚለው ነው። ሁሉንም መቁጠር ካልተቻለ በዕጣ የተመረጡ ቦታዎችን መቁጠር ይበቃል። ለመጠይቅ ኮቦ ቱልቦክስ የተባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ በስልክ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በሁለት ቀን የሚለመድ ነው። የሰው ስም፣ ፎቶ፣ የጤና ሁኔታ ሲሰበሰብ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መኖሩን ማስታወስ ነው። የተቀባይ ሕፃን ፊት በማኅበራዊ ገጽ ላይ መለጠፍ ሕግ ባይኖርም እንኳ ሊቀር የሚገባው ልማድ ነው።

ወደዚህ ሥራ አዲስ የተመደበ ሰው የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት አዲስ ፕሮጀክት ሳይጀምር ቢያሳልፍ እመክራለሁ። ያለፉት 5 ዓመታት ፕሮጀክቶችን ከሒሳብ ክፍል ወጪያቸው ጋር ያውጣ። እያንዳንዱን ቦታው ድረስ ሄዶ ይይ፤ አጃቢ ሳይዝ፣ ቢቻል ሳያሳውቅ። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ አምስት ዓምድ ይበቃዋል፦ የወጣው ገንዘብ፣ ዛሬ ይሠራል ወይስ ቆሟል፣ ማን ይጠግነዋል፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠገነው መቼ ነው፣ ለማስነሣት ስንት ይፈልጋል። ሠንጠረዡን ለሥራ አመራሩ ሲያቀርብ የቆሙትን ማስነሣት ከአዲሱ የመሠረት ድንጋይ በፊት በበጀቱ ላይ እንዲገባ ይጠይቅ።